የቤት ኮምፒውተርን ከውጭ ሆኖ ለመክፈት የትኛው መንገድ ይሻላል?

ቢሮ ተቀምጣችኋል፤ የምትፈልጉት ፋይል ቤት ኮምፒውተር ላይ ነው። ወይም ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነው ቤት ያለው ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ነው። ወይም ደግሞ እናንተ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ናችሁ፣ እናታችሁ ከአዲስ አበባ ደውለው «ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተር እንቢ አለኝ» ይላሉ። ሦስቱም ከርቀት መግባት ይባላሉ። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ብዙ ሰው ይህንን ሳይለይ ጓደኛው የነገረውን ፕሮግራም ይጭንና በኋላ «ይቆራረጣል»፣ «አልገባ አለኝ» እያለ ይማረራል።

የፈለጋችሁት ፋይል ብቻ ከሆነ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ጉግል ድራይቭ በነጻ 15 ጊጋባይት፣ ዋንድራይቭ 5 ጊጋባይት ይሰጣሉ። ለወርድና ለኤክሴል ይበቃል። ፎልደሩን አንዴ ካገናኛችሁት ቤት መብራት ቢሄድም ፋይሉን ከስልካችሁ ትከፍታላችሁ። ከርቀት ለመግባት ግን የቤቱ ኮምፒውተር በርቶ፣ ኢንተርኔቱም እየሠራ መጠበቅ አለበት። ለአንድ ፒዲኤፍ ሲባል ኮምፒውተር ሌት ተቀን ማብራት ትርፉ ድካም ነው።

ስክሪኑን ማምጣት የሚያስፈልገው ፕሮግራሙ ራሱ እዚያ ብቻ ሲኖር ነው። ይሄን የሒሳብ ባለሙያዎች በደንብ ያውቁታል። ፒችትሪ (ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል፤ እዚህ አገር ግን ማን ሰምቶ) ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ ዳታውንም እዚያው አስቀምጦ ነው የሚሠራው። «ዳታ ፎልደሩን ድራይቭ ላይ ላድርገውና ከሁለቱም ቦታ ልክፈተው» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። አትሞክሩት። ፒችትሪ ሲሠራ ብዙ ፋይሎችን ባንድ ጊዜ ከፍቶ ይጽፍባቸዋል። ድራይቭ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ከሥር እየገለበጠ ወደ ላይ ሲልክ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ፎልደሩን በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) ከሩቅ መክፈትም ያው ነው፤ መስመሩ መሐል ላይ ከተቋረጠ ጽሑፉ በግማሽ ይቀራል። ስለዚህ ዳታው ከቤት አይነቃነቅ። እናንተ የምታመጡት ስክሪኑን ብቻ ነው። ለአውቶካድ ፋይልም፣ ለከባድ የቪዲዮ ኤዲቲንግም እንደዚሁ።

ችግሩ ራውተሩ ነው

የቤት ራውተር እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ከውስጥ የሚወጣውን ዝም ብሎ ያሳልፋል፣ ማንም ሳይጠራው ከውጭ የመጣውን ይመልሳል። ከርቀት የማስገባት ዘዴዎች ሁሉ የሚለያዩት ይህንን ዘበኛ በሚያልፉበት መንገድ ነው። መንገዱ ሦስት ነው።

አንደኛው ቤት ያለው ኮምፒውተር ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ አንድ ሰርቨር ላይ እየጠበቀ፣ እናንተም እዚያው ሰርቨር ላይ የምታገኙት ነው። ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ቲምቪወር፣ ኤኒዴስክ እና ራስትዴስክ በዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው በኮምፒውተሮቻችሁ መሐል ብቻ የሚሠራ የግል ኔትወርክ መዘርጋት ነው፤ ቴይልስኬል እዚህ ነው። ሦስተኛው ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍቶ «በዚህ ቁጥር የመጣውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሬ ላክ» ማለት ነው።

ከሦስተኛው ልጀምር፣ ቶሎ እንድንገላገለው። ድሮ የተጻፉ መመሪያዎች ብዙዎቹ ይህንን ነው የሚመክሩት። የዊንዶውስን ሪሞት ዴስክቶፕ (አርዲፒ የሚባለውን) ታበራላችሁ፣ ራውተሩ ላይ ፖርት 3389 ትከፍታላችሁ፣ አለቀ። ችግሩ ይህንን ቁጥር ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ኢንተርኔቱን ቀን ከሌት እያሰሱ ክፍት 3389 የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ። ሲያገኙ ፓስወርድ መገመት ይጀምራሉ። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት የራንሰምዌር ቡድኖች ከሚወዷቸው መግቢያዎች አንዱ ይሄ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ብሉኪፕ የተባለ ቀዳዳ አርዲፒ ላይ ተገኝቶ ነበር፤ በእሱ ለመግባት ፓስወርድ ጭራሽ አያስፈልግም። ነገሩ ከባድ ስለነበረ ማይክሮሶፍት ድጋፉ ከቆመ ዓመታት ላለፉት ለዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ ማስተካከያ አወጣ። ቁጥሩን ከ3389 ወደ ሌላ መቀየርም አያድንም፤ አሳሾቹ ሌሎቹንም ፖርቶች ያያሉ።

ደግሞም ብዙዎቻችን ብንፈልግም አንችልም። የሞባይል ዳታ ወይም የሲም ካርድ ራውተር የምትጠቀሙ ከሆነ ብዙ ጊዜ የራሳችሁ የሆነ የውጭ አይፒ አድራሻ የላችሁም፤ አንዱን አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር ትጋሩታላችሁ። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ራውተሩ ገጽ ውስጥ ገብታችሁ ዋን አይፒ (WAN IP፣ የውጭ አድራሻው) የሚለውን እዩ። ከዚያ ጉግል ላይ «አይፒ አድራሻዬ ስንት ነው» ብላችሁ በሚመጣው ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ ፖርት ብትከፍቱም ከውጭ የሚመጣ ነገር ቤታችሁ አይደርስም። የቀሩት ሁለት መንገዶች ግን ለዚህ ግድ የላቸውም፤ ግንኙነቱን የሚጀምሩት ከውስጥ ነውና።

ለአብዛኛው ሰው፦ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ

አልፎ አልፎ ብቻ ለሚገባ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም ብል ደፈርክ አትበሉኝ። ነጻ ነው። በዊንዶውስ ሆምም በፕሮም ይሠራል፣ ማክና ሊኑክስ ላይም ይጫናል። ቤት ያለው ላይ አንዴ ጭናችሁ ቢያንስ 6 አኃዝ ያለው ፒን ትሰጡታላችሁ። ከዚያ ከየትኛውም ቦታ ክሮም ከፍታችሁ በራሳችሁ የጉግል አካውንት ስትገቡ ኮምፒውተራችሁ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ገና ማንም ሳይገባበትም ይሠራል።

ጉድለቱም አለ። ፋይል መላክና መቀበል ይቻላል፣ ግን አንድ በአንድ ስለሆነ ያሰለቻል። ቤት ያለውን ዶክመንት ቢሮ ባለው ፕሪንተር ልተም ብትሉ አይሆንም። እናንተ የምትሠሩት ሁሉ ቤት ባለው ስክሪን ላይ ይታያል፤ ልጆች ካሉ ማውሱን ይቀሙአችኋል። የደኅንነቱ ነገር ደግሞ የሚቆመው በጉግል አካውንታችሁ ላይ ነው። ኢሜይላችሁ ውስጥ የገባ ሰው የሚቀረው ፒኑ ብቻ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ሳታበሩ ይህንን አትጫኑ።

ቲምቪወርና ኤኒዴስክ ከዚህ የበለጠ ነገር ይሠራሉ፤ ፋይል ማስተላለፉም፣ ማተሙም አላቸው። ሁለቱም የጀርመን ድርጅቶች ናቸው። ለግል አገልግሎት ነጻ፣ ለሥራ ግን በክፍያ ናቸው። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ «ይሄ ሰውዬ ለንግድ እየተጠቀመ ነው» ብሎ ከጠረጠረ ግንኙነቱን በየደቂቃው መቁረጥ ይጀምራል። በየቀኑ ከቢሮ ወደ ቤት የሚገባ የሒሳብ ባለሙያ መጠርጠሩ አይቀርም፤ እውነቱን ለመናገር ሥራ ነው የሚሠራውም። ክፍያው ደግሞ በዶላር ወይም በዩሮ ነው፤ ካርድ ከየት ይመጣል የሚለው ሌላ ራስ ምታት ነው።

ኤኒዴስክ በ2024 እ.ኤ.አ. የካቲት አካባቢ ሰርቨሮቹ እንደተደፈሩ ራሱ አሳውቆ ነበር፤ ሰዎች ፓስወርዳቸውን እንዲቀይሩ፣ ፕሮግራሙንም እንዲያድሱ አደረገ። ቲምቪወርም በዚያው ዓመት የቢሮ ኔትወርኩ ተሰብሮ ነበር። ይህንን የማነሣው ድርጅቶቹን ለማማት አይደለም። በሰው ሰርቨር በኩል ስትገቡ የእነሱም ጥንቃቄ የእናንተ ጉዳይ ይሆናል ለማለት ነው። ራስትዴስክ ኮዱ ለሁሉ ክፍት ነው፤ የራሴን ሰርቨር አቆማለሁ ለሚል ቴክኒክ አዋቂ ጥሩ ምርጫ ነው። ለሌላው ሰው ከክሮም የሚያስመርጥ ነገር አላየሁበትም።

በየቀኑ ለሚሠራበት፦ ቴይልስኬል እና አርዲፒ

በየቀኑ ለሰዓታት የምትሠሩበት ከሆነ ግን እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። ለማስተካከል ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልዩነት ግን ድካሙን ይክሳል።

ቴይልስኬል ዋየርጋርድ በሚባል ቪፒኤን ላይ የተሠራ ነው። ለግል የሚሆነው ነጻ ነው። ቤት ያለውም ቢሮ ያለውም ላይ ጭናችሁ በአንድ አካውንት ስትገቡ ለእያንዳንዱ በ100 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ራውተር ሥር ያሉ ያህል ይተያያሉ፤ ሌላ ሰው ግን አያያቸውም። የሚከፈት ፖርት የለም። ሁለቱም አዲስ አበባ ከሆኑ መጀመሪያ በቀጥታ ለመገናኘት ይሞክራል፤ ካልሆነለት ብቻ ሌላ አገር ባለ ሰርቨር በኩል ይዞራል፣ ያኔ ይዘገያል።

አሁን አርዲፒን በዚህ ላይ ታስኬዱታላችሁ። ቤት ያለው ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ብላችሁ ታበሩታላችሁ። ቢሮ ሆናችሁ ሪሞት ዴስክቶፕ ኮኔክሽንን ከፍታችሁ ያንን በ100 የሚጀምር አድራሻ ታስገባላችሁ። ስትገቡ የቤቱ ስክሪን ይቆለፋል፤ ማንም የምትሠሩትን አያይም። ስክሪኑ እናንተ ባላችሁበት ሞኒተር ልክ ይሆናል። ከዚህ ኮፒ አድርጋችሁ እዚያ ፔስት ትላላችሁ። ፒችትሪ ላይ ኢንቮይሱን ፕሪንት ስትሉት ደግሞ ከጎናችሁ ካለው የቢሮ ፕሪንተር ይወጣል። ለሒሳብ ሠራተኛ ይሄ አንዱ ብቻ ይበቃል።

ሰው የሚሰናከልባቸው ነገሮች አሉ። አርዲፒ የሚያስገባው ዊንዶውስ ፕሮና ከእሱ በላይ ያሉት እትሞች ላይ ብቻ ነው፤ ሆም ከሆነ ከእሱ ወደ ሌላ መውጣት እንጂ ወደ እሱ መግባት አይቻልም። ሴቲንግስ ውስጥ አባውት የሚለው ላይ የትኛው እንደሆነ ይጻፋል። ሆም ላይ አርዲፒን በግድ የሚያበሩ ፕሮግራሞች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ተዉአቸው፤ ዊንዶውስ ሲታደስ ይበላሻሉ፣ አንቲቫይረስም ይጮህባቸዋል። (ሱቅ ወስዳችሁ በክራክ የተጫነላችሁ ፕሮ ካላችሁ ደግሞ፣ ከርቀት ስለመግባት ከማሰባችሁ በፊት ያ ክራክ ማንን አብሮ እንዳስገባ አስቡ።) ሆም ላላችሁ ክሮም ይሻላችኋል።

ፓስወርድ የሌለው ኮምፒውተርም በአርዲፒ አያስገባም። ቤት ስትገቡ የምትጠቀሙበት ባለ 4 አኃዝ ፒን ደግሞ እዚህ አይሠራም፤ በማይክሮሶፍት አካውንት የምትገቡ ከሆነ የሚፈልገው ኢሜይሉንና ሙሉ ፓስወርዱን ነው። ከዓመታት በፊት የተረሳ ፓስወርድ ከሆነ ከቤት ሳትወጡ አስተካክሉት።

ቴይልስኬል ላይ ሁለት ነገር አትርሱ። ቤት ያለው ዊንዶውስ ላይ፣ ማንም ባይገባበትም እንዲሠራ የሚያደርገውን ረን አንአተንድድ የሚለውን አብሩ፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ አታገኙትም። ሌላው፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቁልፍ በተለምዶ በ180 ቀን ይቃጠላል። ስድስት ወር በሰላም ሠርቶ አንድ ጠዋት ድንገት እንቢ የሚለው በዚህ ነው። የቴይልስኬል ገጽ ላይ ገብታችሁ ለቤቱ ኮምፒውተር ብቻ ይህንን ማጥፋት ይቻላል።

አማርኛ የምትጽፉ ከሆነም አንድ ነገር፦ የአማርኛ ኪቦርዱ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ይብራ፣ በእጃችሁ ያለው እንግሊዝኛ ላይ ይሁን። ሁለቱም ከበሩ የሚወጣው ጽሑፍ ጉድ ሊሆን ይችላል።

ወላጅ ለመርዳት

ይሄ ከላይ ካለው ሁሉ የተለየ ነው። እዚያ ማዶ ሰው አለ። ስለዚህ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ በር አያስፈልግም፤ ሲደውሉ ተከፍቶ ሲጨርሱ የሚዘጋ ይበቃል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኩዊክ አሲስት የሚባል አለ። እናንተ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ኮድ ታወጣላችሁ፤ እሳቸው ኮዱን ያስገባሉ፣ ይፈቅዳሉ።

በስልክ ሲሆን እንዲህ ነው፦ «እማዬ፣ ኮንትሮል የሚለውን ይያዙት። ሳይለቁ ባለ አራት መስኮቷን ይያዙ። አሁን ኪውን ይጫኑ።» «የቱ ናት ኪው?» «ከላይ በግራ በኩል፣ ከታብ አጠገብ።» «እሺ፣ የሆነ ነገር መጣ።» «ኮድ የሚያስገቡበት ሳጥን አለ?» ከዚያ ኮዱን አንድ በአንድ ትነግሯቸዋላችሁ። ኮዱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚሠራ መነጽራቸውን አስቀድመው ይፈልጉ። አንድ የሚያደናግር ነገር፦ ፕሮግራም ስትጭኑ ዊንዶውስ «ይፈቀድ?» ሲል የእናንተ ስክሪን ይጠቁራል። ተቋረጠ ብላችሁ አትዝጉት፤ እሳቸው የስ የሚለውን ሲጫኑ ይመለሳል።

የቸገራቸው ስልኩ ከሆነ ኩዊክ አሲስት አይሠራም። አንድሮይድ ከሆነ በቲምቪወር ወይም በኤኒዴስክ ማየትና፣ በብዙ ስልኮች ላይ፣ መነካካትም ይቻላል። አይፎን ከሆነ ማየት ብቻ ነው፤ «እዚያ ጋ ይንኩ» እያላችሁ መምራት ይቀራል።

ለወላጆች አስቀድማችሁ የምትነግሯቸው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ከባንክ ነው፣ ከማይክሮሶፍት ነው ብሎ ደውሎ ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር ጫኑ የሚል ሁሉ ሌባ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች በመላው ዓለም የአጭበርባሪዎች መሣሪያ ናቸው። ወላጆቻችሁ ኮድ የሚያስገቡት እነሱ ራሳቸው ለእናንተ ሲደውሉ ብቻ ይሁን።

ርቀቱንም መርሳት የለባችሁም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ደግሞ በአየር መስመር እንኳ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ደርሶ መልሱ ከ110 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም፤ ገመዱ ዞሮ ስለሚሄድ በተግባር ከዚህ ይበልጣል። ማውሱ ዘግየት ማለቱ የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም። የጀርባ ሥዕሉን ማጥፋትና የስክሪኑን ጥራት መቀነስ ዳታም ይቆጥባል፣ ቁርጥርጡንም ያቀላል።

መብራትና እንቅልፍ

ከርቀት አልገባ ላለ ኮምፒውተር ዋናው ምክንያት ፕሮግራሙ ሳይሆን ተኝቶ መገኘቱ ነው። ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቻርጀር ላይ ሲሆን ስሊፕ የሚለውን ኔቨር አድርጉት። ስክሪኑ ይጥፋ፣ ችግር የለውም። ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ሲዘጋ ምንም እንዳያደርግ ንገሩት።

ለዚህ ሥራ አሮጌ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይሻላል፤ ባትሪ አለው። ዴስክቶፕ ከሆነ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሱ ተነሥ የሚል ማስተካከያ ብዙዎቹ ላይ አለ፤ ስሙ እንደ ማዘርቦርዱ ይለያያል፣ ግን ፓወር በሚለው ሥር ፈልጉት። ሰው ሁልጊዜ የሚረሳው ራውተሩን ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይ ራውተሩ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው? ለራውተር ብቻ የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ ግዙ፤ ራውተር ብዙ ኃይል ስለማይበላ ለረጅም ጊዜ ታቆየዋለች። የተኛን ኮምፒውተር ከሩቅ የሚቀሰቅሰው ዌክ ኦን ላንም አለ። ግን ቤት ውስጥ ሌላ የበራ መሣሪያ ይፈልጋል፣ በገመድ ያልተገናኘ ኮምፒውተር ላይም እምብዛም አያስተማምንም። እኔ አልደክምበትም።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ከውጭ የሚገባበት ኮምፒውተር ከሌላው በፊት ወደ 11 መሄድ ያለበት ነው።

የመረጣችሁትን ቤት እያላችሁ ፈትኑት፣ ግን በቤቱ ዋይፋይ አይደለም። የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ግቡ። ከገባላችሁ ኮምፒውተሩን ከዚያው ሆናችሁ ሪስታርት አድርጉትና ሳትነኩት እንደገና ለመግባት ሞክሩ። በመጨረሻ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ለአምስት ደቂቃ አውርዱና መልሱት፣ ከዚያ አሁንም በስልክ ሞክሩት።